ዴንቨር ማን አላችሁ?

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ፊልጶስን ወሰዱት። ትናንት አመሻሽ ላይ ከአዘዞ እህል አስጭኖ ሲመለስ መንገድ ላይ አስቁመው ሾፌሩን ለቀቁ፣ እሱን ይዘው ሄዱ። እነማን እንደሆኑ ማንም በስም አይጠራም። "ወሰዱት" ነው የሚባለው፣ በቃ።

ቤታቸው እዚሁ ፀዳ ከእኛ ፔንሲዮን ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሚስቱ አባይነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ሴቶቹ፣ ሰውየው በሕይወት እያለ ምን ነካሽ ብለው ተቆጧትና ነጠላውን አስተካክለው አለበሷት።

ከሥራ ስመለስ ልጠይቃት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ከውስጥ አንዷ ስትናገር ሰማሁ፤ "ምነው እሱን ወሰዱት? ፊት ለፊቱ ዴንቨር እያለ።"

እኔ ስገባ ሁሉም ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ጥቅምት 15

ዴንቨር የሚሉት እኛን ነው። እኔን፣ ባሌን ታከለን፣ ልጃችንን ዝማሬን። ስሙ ከአስፋልቱ እንዲታይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ተጽፏል። በአማርኛ አልጻፍነውም፤ ያኔ እንግዶቻችን ፈረንጆች ነበሩ። ታከለ አስጎብኚ ስለነበር ስሜን ተራራ የሚወጣው ቱሪስት ከእኛ ቤት ሳያድር አያልፍም ነበር። አንዱ፣ የእኔም ከተማ እንደናንተው ደጋ ነው ብሎ ስለ ዴንቨር አጫወተው፤ ታከለም ስሙን ወደደው።

አሁን ቱሪስት የለም። አልጋ የሚይዘው የፍርድ ቤት ባለጉዳይና በሽተኛ ይዞ የመጣ ገበሬ ነው። ግማሹ ግድግዳው ላይ ያለውን ማንበብ አይችልም፤ ግን የማያውቀው የለም። የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ ፌርማታውን ዴንቨር እያሉ ነው የሚጣሩት።

ሰውም አይፈረድበትም። በዚህ ከተማ ቤቱን በአሜሪካ ከተማ ስም የሚጠራ ሰው እዚያ የሚረዳው ዘመድ አለው ማለት ነው። "ዴንቨር ማን አላችሁ?" የማይለን የለም። ማንም የለንም። ዴንቨር ብቻ ሳይሆን አሜሪካ የሚባል አገር ላይ አንድ ሰው የለንም። እኔ አንዲት እህት አለችኝ፣ ደብረ ታቦር አስተማሪ ናት።

ስሙን ያመጣው ታከለ ነው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። መጀመሪያ በአባቱ ስም ሊያደርገው ነበር፤ "አስናቀው ፔንሲዮን" የእህል ወፍጮ ይመስላል ያልኩት እኔ ነኝ። ይኼ ደግሞ ስም መምረጥ አይባልም።

ጥቅምት 21

ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና እየሠራሁ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር። የወንድ ድምፅ፣ ረጋ ያለ፤ "ዴንቨር?" አለ። ማን ልበል ስለው ዘጋው።

ናሙናውን እንደገና መሥራት ግድ ሆነብኝ።

ቤት ስገባ ታከለ ፊቴን አይቶ ምን ሆነሻል አለኝ። ስልክ ተደውሎ ነበር ብዬ ጀመርኩ። ማን ነው ሲለኝ፣ ቁጥር ተሳስቶ ነው አልኩት። ደም ግፊት አለበት። ዝማሬ እራቷን እየበላች ቀና ብላ አየችኝ።

ጥቅምት 23

ዛሬ ሰላም፣ ላብራቶሪ አብራኝ የምትሠራው፣ ሻይ ስንጠጣ ጠጋ ብላ፣ ያንን ከዴንቨር የተላከልሽን ካፖርት ለጊዜው ባትለብሺው ይሻላል አለችኝ። ለእኔ አስባ ነው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ካፖርቱ ልባሽ ከሚሸጥበት ከቦንዳ ተራ የተገዛ ነው። ያኔ ሰላም ማን ላከልሽ ስትለኝ ፈገግ ነው ያልኩት። ፈገግታን እንዴት እንደሚተረጉሙት የተርጓሚዎቹ ጉዳይ ነው።

ለምን አላረምኳትም? ደግሞስ ዛሬ ለምን? ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ካፖርቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ጥቅምት 28

በስሙ ተጣላን። እኔ ግድግዳው ይቀባ አልኩ። ታከለ አይሆንም አለ። እሱ እንደሚለው ዛሬ ስሙን ካጠፋን ሰው ሁሉ፣ የሚደበቅ ነገር ቢኖራቸው ነው ይላል። "እስከ ዛሬ ጠርጥረው ከሆነ፣ ከዛሬ ወዲያ እርግጠኛ ይሆናሉ" አለኝ።

እኔም ያመጣኸው አንተ ነህ አልኩት። አተኩሮ አየኝ። ሲናደድ ይሻለኛል፤ እንዲህ ሲያየኝ አልወድም።

ሕዳር 1

ታከለ ለጉዳይ ባሕር ዳር ሲሄድ ቀቢ ጠርቼ አስቀባሁት። ነጭ። ተገላገልኩ አልኩ።

ሕዳር 2

ቀለሙ ሲደርቅ ሰማያዊው ከሥር ፈዘዝ ብሎ ይታያል። ቀቢው ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል ይላል። ከሥራ ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት ፌርማታው ጋ ሲደርስ "ዴንቨር የነበረው ላይ የሚወርድ አለ?" አለና ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፌርማታውን አልፌ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ።

ታከለ ተመልሶ ግድግዳውን አየ። ምንም አልተናገረም። ይኼው ነው ቅጣቴ።

ሕዳር 10

ፊልጶስ ተለቀቀ። ሰፈሩ በሙሉ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሊለው ሄደ፤ እኔም ታከለ ሥራ ላይ ስለነበረ ብቻዬን ሄድኩ። ያ ደረተ ሰፊ ሰውዬ ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቷል። ሰው ቀለል ሲል ወደ ጓሮ ጠራኝ።

"ፍሬ፣ ይቅር በይኝ" አለኝ።

ምነው ስለው መሬት መሬቱን እያየ ነገረኝ። ከእሱ የሚያገኙት ሲያልቅ፣ ሌላ ማን አለ እያሉ ይደበድቡት ነበር። ዝም አልኩ አለ። ሳይቻለኝ ሲቀር ግን ስማችሁን ነገርኳቸው አለ።

"ምን ብለህ?"

"እህቷ ዴንቨር ናት ብዬ።"

"የእኔ እህት እኮ ደብረ ታቦር ናት።"

ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። ንዴት አይደለም ፊቱ ላይ ያለው። ግራ ገብቶት ነው። "አንቺው አይደለሽ ለአባይነሽ የነገርሻት? ካፖርቱን የላከችልሽ ጊዜ" አለኝ።

ልሄድ ስነሳ እጄን ያዘኝ። ልጅቷ የት እንደምትማር ጠይቀውኛል፣ እሱን ግን አላውቅም ብያቸዋለሁ አለ። በር ላይም ደርሼ ደገመልኝ፤ እሱን አልነገርኳቸውም አለኝ። ሁለት ጊዜ መናገሩ ለምን አስፈለገው?

ለአባይነሽ ምን እንዳልኳት በደንብ አላስታውስም። ፀጉር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር፣ ማድረቂያው ይጮሃል፣ ሰው በዚያ ሁኔታ ብዙ ነገር ይላል።

ሕዳር 11

ለታከለ ነገርኩት። የትምህርት ቤቱን ነገር ማለቴ ነው። የእህቴን ነገር መንገር አላስፈለገኝም፣ ምን ይጠቅመዋል።

ሌሊቱን ቁጭ ብሎ አደረ። ጠዋት ሄዶ ለሚመለከተው አካል አመለከተ። ተጠንቀቁ አሉት። እየተጠነቀቅን ነው። ከዚያ ዝማሬ ኮሶዬ ገጠር አባቱ ዘንድ ትሂድ አለ። ትምህርቱስ ስል፣ "ትምህርቱን በሕይወት ካለች ትደርስበታለች" አለኝ። ይህን ቃል ከአፉ ባላወጣው ምን ነበረበት።

ሕዳር 13

ዝማሬን ኮሶዬ አደረስናት። ከመሄዷ በፊት አልጋዋ ላይ አስቀምጬ አስጠናኋት። ማንም ሰው ቢጠይቅሽ፣ አሜሪካ ማንም የለንም ትያለሽ አልኳት።

"በእውነት የለንም ወይስ የለንም ልበል?" አለችኝ።

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ አንዳንዴ ግን የእናቴን ዓይን ይዛ ነው የምታየኝ። "ደብረ ታቦር ያለችውን አክስቴን አውቃታለሁ። ዴንቨር ያለችውስ ስሟ ማን ነው? ልጆቹ ሲጠይቁኝ ሁሌ ዝም እላለሁ" አለችኝ።

የለችም አልኳት። እሺ አለች፤ እንዳላመነችኝ ግን ያስታውቃል። የጥርስ ብሩሿንና ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ጀመረች።

አማቴ አያ አስናቀው መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። እኔ የሰጠኋቸውን ግራጫ ካፖርት ለብሰዋል፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል። ልጅቱን አቅፈው፣ "እዚህ ማን ይደርስባታል፣ አገሩ በሙሉ ያውቀናል" አሉ። ታከለን ደስ አለው። እኔን ለምን እንደሆነ አላውቅም ብርድ ብርድ አለኝ።

ሕዳር 20

ኔትወርክ የለም። ሁለት ቀን ሆነ።

ሕዳር 22

የለም። አንድ የደባርቅ ሾፌር፣ ደኅና ናት፣ ከአያቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን አየኋት አለ። ሾፌሩ እንዴት አወቃት? ታከለ፣ እኔ ነኝ የጠየቅሁት፣ የእኔ ልጅ መሆኗን ያውቃል አለኝ። እሺ።

ሕዳር 24

የአያ አስናቀውን ካፖርት ነገር ሳስበው ነበር። ሁለቱን ካፖርቶች የገዛሁት አንድ ቀን ነው፤ ለእሳቸውም ለእኔም ከዚያው ከቦንዳ ተራ። እሳቸው ግን የሞተ ሰው ልብስ አልለብስም ይላሉ፤ ቦንዳ ሁሉ ከሬሳ ላይ የተገፈፈ ነው የሚመስላቸው። የኮሶዬ ብርድ ደግሞ ሽማግሌ የሚምር አይደለም፤ ያን ዓመት ደረታቸውን አሟቸው ነበር። እህቴ ከዴንቨር ለእርስዎ ብላ የላከችው ነው አልኳቸው፤ ወዲያው ለበሱት። መርቀውኛል። እህቴንም መርቀዋታል።

ይኼ ውሸት አይባልም። ብርድ ነው።

ታኅሣሥ 8

አያ አስናቀው ደወሉ። ዝማሬ ደኅና ናት፣ እርጎ እየጠጣች ወፍራለች አሉኝ። ራሷንም አገናኙኝ። ድምፅዋ አድጓል። ማንም ጠይቆሽ ያውቃል ወይ አልኳት። ሁሉም ይጠይቀኛል አለች። ምን ትያለሽ ስላት፣ ያስጠናሽኝን አለችኝ።

ከዚያ እሳቸው ስልኩን ተቀብለው ስለ ስለታቸው ነገሩኝ። ታከለ አምና መኪና ተገልብጦበት ከሞት የተረፈ ጊዜ ለገብርኤል የታቦት ጥላ ተስለው ነበር። አሁን ወይፈኑን ሸጠው ገዝተውታል፣ ለአሥራ ዘጠኝ ይገባል። በሁላችሁም ስም ነው የማስገባው፣ መቅረት የለም አሉ። ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር፤ በሁላችሁም ሲሉ እነማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም። እሺ አያ አልኩ።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ፣ ማታ

በደንብ መጻፍ አለብኝ፣ አለዚያ ነገ ሌላ ነገር አስመስዬ ነው የማስታውሰው።

ኮሶዬ የደረስነው ጭጋጉ ሳይገፈፍ ነው። የሦስት የአራት ደብር ሰው ወጥቷል። ዝማሬ ነጭ በነጭ ለብሳ ከአያቷ ጎን ቆማለች፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ ሸጋ ሆናለች። አቅፌ አልለቅ አልኳት። ጥላው ቀይ ከፋይ ነው፣ ጠርዙ የወርቅ ዘርፍ። አያ አስናቀው በክንዳቸው ታቅፈውት ማንንም አያስነኩም።

ታቦቱ ዞሮ ቆመ፣ ተዘመረ፣ ትምህርት ተሰጠ። ከዚያ ስለት ማስገባቱ መጣ። የከተማ ልጅ ብሆንም ይህን የማላውቅ አይደለሁም። ስለት የሚያስገባ ሰው ስሙ፣ አገሩ፣ ያመጣው ነገር በማይክ ይጠራል፤ ሕዝቡ እልል ይልለታል። በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ግን የእኛ ስም ይጠራል ብዬ ለአፍታ አላሰብኩም። ድምፅ ማጉያው ዛፍ ላይ ነው የተሰቀለው፣ ከገደሉ ማዶ ሳይቀር ይሰማል።

ቄስ ወልደኢየሱስ አንዱን ጧፍ፣ አንዱን ምንጣፍ እያሉ ጠሩ። ከዚያ ከወረቀቱ ቀና ብለው ፈገግ አሉና፣ "ዛሬ ትልቅ ስለት አለን" አሉ። "አቶ አስናቀው፣ ከልጃቸው ከታከለ፣ ከምራታቸው ከፍሬ፣ አሜሪካን አገር ዴንቨር ካለችው እህቷ ጋር ሆነው፣ አንድ የታቦት ጥላ።"

ታከለ ዞሮ አየኝ። ያቺ አስተያየት እስከ ዛሬ ያላየኋት ናት። እህትሽ የሚለው ቃል ከንፈሩ ላይ ብቻ ታየኝ።

ቄሱ አልጨረሱም። የልጅ ልጃቸውም እዚሁ አያቷ ዘንድ ስለሆነች ጥላውን እሷ ይዛ ትቁም አሉ። ሰዉ መንገድ ከፈተላት። ዝማሬ ወደ እኔ ዞራ፣ ልሂድ ወይ በሚል ዓይን ጠበቀችኝ። ምን ላድርግ? ሺህ ሰው እያየን። ሂጂ አልኳት።

ጥላውን ይዛ መሐል ላይ ቆመች። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ። ዝም ብል የሚታዘበኝ ይበዛል።

አያ አስናቀው እያለቀሱ ነበር። ደስ አላለሽም አሉኝ። በጣም ደስ ይላል አያ አልኳቸው። ምን እላቸዋለሁ፤ ወይፈናቸውን ሸጠዋል።

ዝማሬ ስትመለስ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰ ሰው አብሯት መጣ። የእጇን መዳፍ ይዟታል። እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ለሁላችንም ጎንበስ አለ፤ እኛም ጎንበስ አልን። ከዚያ ልጅቱን፣ ዴንቨር ያለችው አክስትሽ ስሟ ማን ነው አላት።

ዝማሬ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ልክ እንዳስጠናኋት መለሰች፤ "አሜሪካ ማንም የለንም።"

ሰውየው ሳቀ፣ ራሷን ዳበሳት። "ሸጋ ልጅ" አለ። "በደንብ አስጠንተዋታል።" ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅሎ ሄደ።

አያ አስናቀውን ማን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ገርሟቸው አዩኝ። "ያንቺ ወገን መስሎኝ" አሉ።

ዝክሩን ሳንቀምስ ልጅቱን ይዘን ተነሳን። አያ አስናቀው ተቀየሙ። መንገዱን በሙሉ ታከለ አንድ ቃል አልተናገረም። አንዴ ብቻ፣ ዝማሬ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ "የትኛዋ እህትሽ?" አለኝ። ስሙን ያመጣኸው አንተ ነህ ልለው ነበር። አላልኩትም። አለቀስኩ፤ እሱም አላባበለኝም።

ታኅሣሥ 20

ታከለ ደብረ ታቦር ካለችው እህቴ ጋር ተነጋገረ። ማክሰኞ ማታ የሚሄድ የታወቀ መኪና አለ፤ ዝማሬ በእሱ ትሄዳለች። እስከዚያ ከቤት አትወጣም። ለማንም አልተናገርንም። አባይነሽ በሩን አንኳኩታ ልጅቷ መጣች እንዴ አለችኝ። አልመጣችም አልኳት። ዝማሬ ከጀርባዬ አስነጠሰች።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

ከቀትር በኋላ። ሻንጣዋ በር ሥር ነው። ታከለ የአጥሩን በር መወርወሪያ እየጠገነ ነው፣ መዶሻው እስከ ሳሎን ይሰማል። ዝማሬ ምንጣፉ ላይ ተኝታ ሂሳቧን ትሠራለች።

ስልኬ ጠራ። ያው ድምፅ ነው፣ ያው እርጋታ።

"እንኳን አደረሳችሁ" አለ። "ጥላው በጣም ያምራል። ልጅቷም ሳትደክም ይዛው ቆመች።"

መልስ ሳይጠብቅ ዘጋው።

መዶሻው ቆመ። ታከለ በመስኮቱ በኩል፣ ማን ነው አለኝ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ ልነግረው ነበር። ዝማሬ ግን እርሳሷን አስቀምጣ ቀና አለች፤ እኔን እያየች፣ እሱ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መለሰችለት።

"ቁጥር ተሳስቶ ነው፣ አባዬ።"

ታከለ እሺ ብሎ ወደ መዶሻው ተመለሰ።